ጎሪላ ሆኜ ለምን ተሸነፍኩ? በአስማተኞች ፍልሚያ ቅርጽ የመቀየር አሠራር

ቅዳሜ ከሰዓት ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ካለ አንድ ዋርካ ሥር፣ ጥቂት ሆነን ዲ ኤንድ ዲ እንጫወታለን። አዲስ የመጣ ሰው ሁሉ፣ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ሳምንት ላይ፣ ያንኑ ጥያቄ ይጠይቀኛል። «ጎሪላ ሆኜ 157 ነጥብ ነበረኝ። እንዴት ነው የተሸነፍኩት?» ማታ ስልኬ ላይ የሚላከውም ይኸው ነው። በየሳምንቱ አፌ እስኪደርቅ ከማወራ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው።

ጨዋታውን ለማያውቅ ባጭሩ፦ ዳይስ እየተጣለ በወረቀትና በአፍ የሚካሄድ ነው። አንዱ ዳኛ ይሆናል። ሌሎቹ አንዳንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ። እዚህ የማወራው ሁለት አስማተኞች ፊት ለፊት ሲገጥሙ ፖሊሞርፍ የሚባለውን ድግምት እንዴት እንደሚጠቀሙበት ነው። ፖሊሞርፍ አንድን ሰው እስከ አንድ ሰዓት ድረስ አውሬ ያደርገዋል። ራስህንም ቢሆን፣ ጠላትህንም ቢሆን።

ምሳሌዎቼ ሁሉ በ2014 (እ.ኤ.አ.) እትም ናቸው። ሁለቱም አስማተኞች ደረጃ 7፣ የማሰብ ችሎታ (ኢንተለጀንስ) 18፣ የሕይወት ነጥባቸው 44 ነው እንበል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- መሠረታዊው ደንብ። ኤስአርዲ 5.1 የሚባለው ሰነድ ከ2023 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በነፃ ፈቃድ ስለተለቀቀ አውርዳችሁ ስልካችሁ ላይ ማስቀመጥ ትችላላችሁ። ድግምቱም አውሬዎቹም እዚያው ውስጥ አሉ።
- ዳይስ። ባለ 20 ገጽ አንድ፣ ባለ 10 ሦስት፣ ባለ 6 ስምንት፣ ባለ 4 ሦስት። ባለ 6ቱን ከሉዶ ጨዋታ እንወስዳለን። ለሌላው የስልክ አፕ አለ። ባትሪ ካለቀ ደግሞ ከ1 እስከ 20 የተጻፈባቸው ብጣሽ ወረቀቶች ሲኒ ውስጥ ከትታችሁ አውጡ። ያወጣችሁትን ግን ሁልጊዜ መልሱት፤ ካልመለሳችሁ ዕድሉ እየተዛባ ይሄዳል። ሁለትና ሦስት የሉዶ ዳይስ ደምሮ የባለ 20ውን ቦታ ማስያዝም አይሆንም፤ መሐል ያሉት ቁጥሮች ይበዛሉ።
- ባለ ካሬ ደብተር። አንድ ካሬ 5 ጫማ ነው፣ ማለትም 1.5 ሜትር ገደማ።
- ቆርኪ። ለእያንዳንዱ አስማተኛ አንድ፣ ለአውሬው መልክ ሌላ ዓይነት አንድ። ቆርኪው ሲቀየር ሁሉም ሰው ያያል፣ ክርክር ይቀንሳል።
- እርሳስና ላጲስ። እስክሪብቶ አይሆንም፤ ነጥብ በየዙሩ ይሰረዛል።
- አራት ጠጠር። ከሰዓት በኋላ ከጣና የሚነሳው ነፋስ ወረቀት ይዞ ይሄዳል። የአንድ ሰው የድግምት ዝርዝር ደንገል ውስጥ ገብቶ ቀርቷል፣ ሰውየው እስከ ዛሬ እኔን ነው የሚወቅሰው።
- ሦስተኛ ሰው ለዳኝነት። ሁለት ሆናችሁ ያለ ዳኛ ከገጠማችሁ መጨረሻው ጭቅጭቅ ነው።

እርምጃ 1፦ እትሙንና ወሰኑን ተስማሙ

ቆርኪ ከመቀመጡ በፊት ዳኛው ሦስት ነገር ጮክ ብሎ ይናገር።

አንደኛ፣ እትሙ። በ2014ቱ ደንብ አውሬ ስትሆኑ የራሳችሁ ነጥብ ወደ ጎን ይቀመጥና የአውሬውን ነጥብ ትይዛላችሁ። በ2024ቱ ደንብ ደግሞ የአውሬው ነጥብ ጊዜያዊ ነጥብ ሆኖ በራሳችሁ ላይ ይደረባል፤ ጊዜያዊው ሲያልቅ ድግምቱም ያልቃል። ውጤቱ ተቀራራቢ ቢመስልም አንዱ በዚያኛው፣ ሌላው በዚህኛው እያሰበ ከተጫወተ አራተኛው ዙር ላይ መጣላታችሁ አይቀርም።

ሁለተኛ፣ የሜዳው ወሰን። ከወሰን የወጣ ይሸነፋል ወይስ አይሸነፍም? ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። እርምጃ 8 ላይ ስትደርሱ ትልቅነቱ ይገባችኋል።

ሦስተኛ፣ የምታውቁትን አውሬ ብቻ ነው ወይስ ማንኛውንም? ደንቡ «ያየኸውን ብቻ» አይልም። ዳኛው ግን ሊል ይችላል።

እርምጃ 2፦ አራት ቁጥር ከወረቀቱ አናት ላይ ጻፉ

ፍልሚያ መሐል ላይ ሂሳብ የሚሠራ ሰው ይሳሳታል። ስለዚህ ቀድማችሁ አስሉ።

- የድግምታችሁ ጥንካሬ፦ 8 + 3 (የደረጃ 7 ጭማሪ) + 4 (ከማሰብ ችሎታ 18 የሚመጣው) = 15። ጠላት ድግምታችሁን ለመቋቋም ዳይሱ ከነጭማሪው 15 መድረስ አለበት።
- ጠላት የሚጨምረው፦ አስማተኛ በዊዝደም (ጥበብ) ሴቭ፣ ማለትም ድግምት ለመቋቋም በሚጣለው ዳይስ፣ የሠለጠነ ነው። ዊዝደሙ 12 ከሆነ 1 + 3 = 4 ይጨምራል።
- ትኩረት (ድግምቱ እንዳይቋረጥ የሚያስፈልገውን) የመጠበቅ ጭማሪያችሁ፣ በሰውነታችሁም በአውሬነታችሁም። ሰው ሳላችሁ +2 ነው እንበል። ጎሪላው +4፣ ግዙፉ አዞ +3 ነው።
- የደረጃ 4 ስሎት (የዚያን ደረጃ ድግምት አንዴ የመጣል ዕድል) ብዛት፦ ደረጃ 7 ላይ አንድ። አንድ ብቻ።

የመጨረሻዋን ሁለት ጊዜ አንብቧት። ፖሊሞርፍ የደረጃ 4 ድግምት ስለሆነ በአንድ ፍልሚያ የምትጥሉት አንዴ ነው። ከከሸፈ ከሸፈ።

እርምጃ 3፦ ማን ላይ እንደምትጥሉት ወስኑ

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚመጣለት ጠላትን እንቁራሪት ማድረግ ነው። ደስ ይላል፣ አውቃለሁ። ሂሳቡን ግን እዩት። ጠላት 4 ይጨምራል፤ 15 ለመድረስ ዳይሱ ላይ 11 እና ከዚያ በላይ ይበቃዋል። ይህ ከ20ው ገጽ 10ሩ ነው። ግማሽ በግማሽ። ያላችሁን አንድ ስሎት በሳንቲም ዕጣ ላይ መጣል ማለት ነው።

ራሳችሁ ላይ ከጣላችሁት ሴቭ የሚባል ነገር የለም። ፈቃደኛ ናችሁ፣ ይሠራል።

ሌላም ምክንያት አለ። ጠላት ላይ ለመጣል 60 ጫማ (18 ሜትር ገደማ) ውስጥ መግባት አለባችሁ። ካውንተርስፔል የሚባለው ድግምት ማክሸፊያም የሚሠራው እዚያው 60 ጫማ ውስጥ ነው። ማለትም እናንተ ስትደርሱበት እሱም ደርሶባችኋል። ራሳችሁ ላይ ስትጥሉ ግን ፈልጋችሁ 65 ጫማ ላይ መቆም ትችላላችሁ። እጁ አይደርስም።

ስለዚህ አንድ ለአንድ ፍልሚያ ላይ መነሻችሁ ራሳችሁን መቀየር ይሁን። ጠላትን መቀየር የሚያዋጣው ሁለት ለሁለት ስትገጥሙ፣ ወይም ጠላት ሪአክሽኑን (በዙር አንዴ ብቻ የሚፈቀደውን የመልስ እርምጃ) ጨርሶ ስታዩት ነው።

እርምጃ 4፦ አውሬውን በቦታው ምረጡ

የምትመርጡት አውሬ ሲአሩ (የአውሬ የኃይል ደረጃ ነው) ከእናንተ ደረጃ መብለጥ የለበትም። ደረጃ 7 ከሆናችሁ እስከ 7።

ግዙፉ ጎሪላ ሲአር 7 ነው። 157 ነጥብ አለው። በአንድ ተራ ሁለቴ በቡጢ ይመታል፣ እያንዳንዱ በአማካይ 22። ሁለቱም ካረፉ 44፤ አንድ ሙሉ አስማተኛ በአንድ ተራ ሄደ ማለት ነው። ድንጋይም ይወረውራል፣ እስከ 50 ጫማ በደንብ፣ እስከ 100 ጫማ ደግሞ በግምት። ሁሉም ሰው የሚመርጠው ለዚህ ነው። ሜዳ ላይ ስህተት አይደለም።

የእኛ ካርታ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጣና ዳር ነው። ደንገል አለ፣ ታንኳ አለ፣ ውሃ አለ። እዚያ ላይ እኔ ግዙፉን አዞ እመርጣለሁ። ሲአሩ 5፣ ነጥቡ 85 ነው፤ ወረቀት ላይ ደካማ ይመስላል። ምክንያቴን አንድ በአንድ ላስረዳ።

በደንቡ መሠረት ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ የገባ ፍጡር በእሳት የሚደርስበት ጉዳት በግማሽ ይቀንሳል። የጠላታችሁ ዋና መሣሪያ ፋየርቦል የሚባለው የእሳት ድግምት ነው፣ ጉዳቱ በአማካይ 28። ውሃ ውስጥ ላለ አዞ 14 ሆነ። አዞው 30 ደቂቃ ትንፋሹን ይይዛል፣ ስለዚህ መውጣት አያስቸኩለውም። ዋናው ደግሞ መደበቁ ነው። ጣና በተለይ በክረምት ደለል ገብቶበት ይደፈርሳል። ዳኛው «ውሃው ደፍርሷል፣ ውስጡ አይታይም» ካለ፣ ዒላማውን ማየት የሚጠይቅ ድግምት ሁሉ አዞው ላይ አይሠራም። ማጂክ ሚሳይልም ውስጡ አለበት። ይቺ ማጂክ ሚሳይል ምን እንደምታደርግ እርምጃ 6 ላይ እነግራችኋለሁ።

አዞው ነክሶ ይይዛል። የተያዘው ሰው ለመላቀቅ ዳይሱ ከነጭማሪው 16 መድረስ አለበት። እኛ ጋ ደግሞ ውሃ ውስጥ የተጎተተ ሰው ድግምት መናገር አይችልም ብለን ወስነናል። ይህ የቤታችን ደንብ ነው፣ ቀድማችሁ ዳኛውን ጠይቁ።

ጢስ ዓባይን ካርታ ካደረጋችሁ ግዙፉ ንስር ያስፈልጋችሁ ይሆናል። በተራ 80 ጫማ ይበራል። ነጥቡ 26 ብቻ ስለሆነ ግን መሸሻ እንጂ መዋጊያ አታድርጉት።

እርምጃ 5፦ ከመቀየራችሁ በፊት ጓዛችሁን ጨርሱ

አውሬ ከሆናችሁ በኋላ መናገር አትችሉም። ድግምት መጣል አትችሉም። ዕቃችሁ ሰውነታችሁ ውስጥ ይቀልጣል፣ እስክትመለሱ አይሠራም። ስለዚህ፦

ሀ. ሜጅ አርመር የሚባለውን መከላከያ ቀድማችሁ ጣሉ። ስምንት ሰዓት ይቆያል፣ ትኩረት አይፈልግም፣ አውሬው ላይም ይቀጥላል። ጎሪላው ብቻውን መከላከያው 12 ነው። በሜጅ አርመር 15 ይሆናል። አዞው ግን ቆዳው ወፍራም ስለሆነ ምንም አይጨምርለትም፤ እሱን ከመረጣችሁ ስሎታችሁን አታባክኑ።

ለ. ሌላ ትኩረት የሚፈልግ ድግምት ይዛችሁ ከሆነ እወቁት፦ ፖሊሞርፍ ስትጥሉ ያኛው ይጠፋል። ትኩረት አንድ ጊዜ አንድ ድግምት ላይ ብቻ ነው። ፍላይ ጥሎ እየበረረ ራሱን ጎሪላ ያደረገ ልጅ አለን። ጎሪላው እንደ ከረጢት ወደቀ።

ሐ. ዕቅዳችሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉና ለዳኛው ስጡ። «ውሃ ውስጥ እገባለሁ፣ ከታንኳው ሥር እወጣለሁ፣ እግሩን እይዛለሁ።» ይህ ለምን ይጠቅማል? ቅርጽ ስትቀይሩ አእምሮም አብሮ ይቀየራል። የአዞው የማሰብ ችሎታ 2 ነው። ጠባያችሁ ይቀራል፣ ብልሃታችሁ ግን ይሄዳል። አዞ ሆኖ ውስብስብ ስልት የሚያወራ ተጫዋች ዳኛው ያስቆመዋል። ቀድማችሁ በጽሑፍ ከሰጣችሁ ግን ያንን ተከትላችሁ መሄድ ትችላላችሁ።

መ. ድግምቱን የምትጥሉበትን ቦታ ምረጡ። ወይ ከጠላት ከ60 ጫማ በላይ ራቁ፣ ወይ እይታውን ጋርዱ። ካውንተርስፔል መጣል የሚችለው ድግምቱ ሲጣል ያየ ሰው ብቻ ነው። ደንገል ከሰው ቁመት በላይ ይሄዳል፤ ውስጡ ገብታችሁ ከጣላችሁት አያይም፣ ማክሸፍም አይችልም።

ግዴታ ሆኖ ፊቱ ላይ ከጣላችሁት ይህን እወቁ። በደረጃ 3 ስሎት ካውንተርስፔል ቢሰነዝር፣ ፖሊሞርፍ ደረጃ 4 ስለሆነ ወዲያው አይከሽፍም። ዳይስ ጥሎ 14 መድረስ አለበት። 4 ስለሚጨምር 10 እና ከዚያ በላይ ይበቃዋል፣ ከመቶ 55 ማለት ነው። የእናንተ ሪአክሽን ካለ የእሱን ካውንተርስፔል በራሳችሁ ካውንተርስፔል መልሱት።

እርምጃ 6፦ አውሬ ሆናችሁ ትኩረታችሁን ጠብቁ

«157 ነጥብ ነበረኝ» የሚሉት ሁሉ የሚወድቁት እዚህ ነው። እኔም ወድቄበታለሁ።

የመጀመሪያ ፍልሚያዬ ነበር። ጎሪላ ሆንኩ፣ ደረቴን ነፋሁ፣ ወደ ጓደኛዬ ሮጥኩ። እሱ ሻዩን አስቀመጠና በጣም ተራ የሆነችውን፣ የደረጃ 1 ድግምት ማጂክ ሚሳይልን ጣለ። ሦስት ትናንሽ ቀስት ናቸው። እያንዳንዱ የሚጎዳው ከ2 እስከ 5 ነጥብ ነው። ሳቅሁበት። ዳኛው ግን «ሦስት ጊዜ ጣል» አለኝ። ሦስተኛው ላይ ዳይሱ 4 አለ። ከጓደኛዬ ፊት፣ በቡጢ ሊመታው እጁን የሰቀለ ጎሪላ የነበረው ሰውዬ፣ ባዶ እጁን ሰቅሎ የቆመ ቀጭን አስማተኛ ሆነ።

የሆነው ይህ ነው። ፖሊሞርፍ የሚቆየው እናንተ ትኩረት እስከያዛችሁ ድረስ ነው። ጉዳት በደረሰባችሁ ቁጥር ትኩረት ለመጠበቅ ዳይስ ትጥላላችሁ። መድረስ ያለባችሁ 10 ወይም የጉዳቱ ግማሽ፣ ትልቁ ነው። ጎሪላው 4 ይጨምራል፣ ስለዚህ አንዱ ቀስት የማስጣል ዕድሉ ከመቶ 25 ነው። በእኛ ጠረጴዛ ሦስቱ ቀስቶች ለየብቻ ስለሚቆጠሩ፣ ሦስቱንም የማለፍ ዕድላችሁ ከመቶ 42 ብቻ ነው። በአማካይ 10 ነጥብ ገደማ የሆነ ጉዳት 157ቱን ነጥብ ሊያጠፋው ይችላል።

ሻንጣ ሙሉ ነጥብ ይዛችሁ መያዣው ክር ነው። ጠላት የሚቆርጠው ክሩን ነው። ስለዚህ፦

1. ዝም ብላችሁ በግልጽ ሜዳ አትሩጡ። ከድንጋይ ወደ ዛፍ፣ ከዛፍ ወደ ውሃ ሂዱ። ያላያችሁ ሰው ማጂክ ሚሳይል አይጥልባችሁም።
2. የምትመቱበትን ብዛት እንጂ መጠን አትፍሩ። አሥር ትንሽ ጉዳት ከአንድ ትልቅ ይብሳል፣ ምክንያቱም አሥር ጊዜ ያስጥላችኋል።
3. ጎሪላ ከሆናችሁ ድንጋዩን ተጠቀሙ። በአማካይ 30 ይጎዳል፣ መጠጋትም አይጠይቅም። ሰው ግን ቡጢው ስለሚያጓጓው ድንጋዩን ይረሳዋል።
4. ጠላት ሊጥልባችሁ የሚችለውን ዲስፔል ማጂክ የተባለ ድግምት መፍቻ አስቡ። እስከ 120 ጫማ ይደርሳል፣ ዳይሱ 14 ከደረሰ ድግምታችሁን ይፈታዋል። አውሬ ስለሆናችሁ በካውንተርስፔል ልታከሽፉት አትችሉም። ከፍልሚያው በፊት ጠላት ይህን ድግምት እንደያዘ ካወቃችሁ፣ ፖሊሞርፉን እሱ የደረጃ 3 ስሎቶቹን እስኪጨርስ አቆዩት። ደረጃ 7 ላይ ሦስት አሉት፤ ቁጠሩበት።

እርምጃ 7፦ መመለሻችሁን አሰናዱ

ወደ ሰውነት የምትመለሱባቸው ዋና ዋና መንገዶች ሦስት ናቸው፦ ትኩረታችሁ ሲሰበር፣ የአውሬው ነጥብ ሲያልቅ፣ ወይም እናንተው ስትተዉት። ትኩረትን መተው በፈለጋችሁት ሰዓት ይቻላል፣ ተራ አይበላም።

የአውሬው ነጥብ ሲያልቅ ትርፉ ጉዳት ወደ እናንተ ይሻገራል። አዞው 5 ነጥብ ቀርቶት 28 ከተመታ፣ 23ቱ ከራሳችሁ 44 ላይ ይቀነሳል። ለዚህ ነው ጥቂት ነጥብ የቀረውን አውሬ ፈርቶ መተው ስህተት የሚሆነው። አምስቷ ነጥብም ብትሆን ጋሻ ናት። የምትተዉት በራሳችሁ ተራ ላይ ድግምት መጣል ስትፈልጉ ብቻ ነው።

የምትመለሱበትን ቦታም አስቡ። ንስር ሆናችሁ 100 ጫማ ላይ ከተሰበረባችሁ የውድቀቱ ጉዳት 10 ባለ 6 ዳይስ፣ በአማካይ 35 ነው። ፌዘር ፎል የሚባለውን ድግምት አዘጋጅታችሁ ከሆነ ግን ሰው በሆናችሁባት ቅጽበት በሪአክሽን ትጥሉትና እንደ ላባ ትወርዳላችሁ። መብረር የምታስቡ ከሆነ ያለ እሱ አትነሱ።

እርምጃ 8፦ ጠላትን ከቀየራችሁ አትምቱት

ድግምታችሁ ያዘ፣ ጠላት እንቁራሪት ሆነ እንበል። እንቁራሪት አንድ ነጥብ አላት። ሁሉም ሰው ወዲያው ይረግጣታል። የሆነው ምንድን ነው? አንዷ ነጥብ አለቀች፣ ጠላት ተመለሰ፣ የጎዳችሁት ምናልባት ሦስት ነጥብ ነው። ብቸኛ ስሎታችሁን ለሦስት ነጥብ ሸጣችሁት።

ዓሣ አድርጎ የብስ ላይ መተውም እንዲሁ ነው። ታፍኖ ነጥቡ ዜሮ ሲሆን ይመለሳል፣ ያለ ትርፍ ጉዳት፣ ሙሉ ሆኖ።

የሚሠራው ይህ ነው፦

1. ቁሙና ተንፍሱ። ትኩረታችሁ እስካለ አንድ ሰዓት አላችሁ።
2. እንቁራሪቷን ያዙ። ዳኛው ዳይስ ያስጥላችኋል፣ ቀላል ነው።
3. ከወሰን የወጣ ይሸነፋል ብላችሁ ከተስማማችሁ፣ መሶብ ውስጥ ከድናችሁ ከሜዳው ይዛችሁ ውጡ። አለቀ። አንድም የጉዳት ዳይስ ሳይጣል የተጠናቀቀ ፍልሚያ አይቻለሁ።
4. ወሰን ከሌለ ከፍታ ፈልጉ። በዚህ ጨዋታ ውድቀት በየ10 ጫማው አንድ ባለ 6 ዳይስ ይጎዳል። ጢስ ዓባይ ወደ 40 ሜትር ገደማ ነው፣ 130 ጫማ እንበለው። 13 ዳይስ፣ በአማካይ 45። አንዷን ነጥብ እንቁራሪቷ ትወስዳለች፣ 44ቱ ወደ ሰውየው ይሻገራል። የሰውየው ነጥብ ስንት ነበር? 44። እንቁራሪት ስለሆነ ፌዘር ፎል መጣል አይችልም። ከሥር ያለው ውሃ ጉዳቱን ይቀንሳል የሚል ዳኛ ካለ ግን ሂሳቡ ይለወጣል፣ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ደጋግሜ የማያቸው ሌሎች ስህተቶች

ቲሬክስን (ግዙፉን ዳይኖሰር) መመኘት። ሲአሩ 8 ስለሆነ ደረጃ 7 ላይ አይቻልም። ደረጃ 8 ብትደርሱም ነጥቡ 136 ነው፣ ከጎሪላው ያንሳል።

አውሬ ሆኖ ሺልድ ለመጣል መሞከር። ማጂክ ሚሳይልን የሚያስቆመው እሱ ነው፣ ግን ድግምት ነው። አውሬ አይጥልም።

የራስን ነጥብ መሰረዝ። አውሬ ስትሆኑ 44ቱን አጥፍታችሁ 157 አትጻፉ። ከጎኑ ጻፉት። ስትመለሱ ስንት እንደነበራችሁ የሚያስታውስ የለም፣ ጠላታችሁ ደግሞ ሁልጊዜ ዝቅ አድርጎ ነው የሚያስታውሰው።

ማስጠንቀቂያ

በጨዋታው ውስጥ እውነተኛ የጸሎት ቃል፣ የክታብ ጽሑፍ ወይም የቅዱሳን ስም እንደ ድግምት አትጠቀሙ። የማይረባ የፈጠራ ቃል ይበቃል። አላፊ አግዳሚው ይሰማል፣ አንድ እናት «መተት ነው የሚማሩት» ካሉ የሚቀጥለው ቅዳሜ ልጃቸው አይመጣም። ገዳማቱንም የፍልሚያ ሜዳ አታድርጓቸው፤ ካርታው ላይ ደሴት ካስፈለገ የራሳችሁን ፍጠሩ።

ጅብ የሚሆን ተጫዋች ሲኖር «ቡዳ» እያሉ መሳቅ የተከለከለ ነው። በዚህ ስም ስንት ሸማኔ፣ ስንት ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ሲገለል እንደኖረ ታውቃላችሁ። ከእኛ ጋር የሚቀመጡም አሉ።

እግራችሁን ሐይቁ ውስጥ ነክራችሁ አትጫወቱ፤ ቢልሃርዚያ አለ። 11 ሰዓት ላይ ደግሞ ፍልሚያው ባያልቅም ዕቃ አንሱ። ጉማሬ ቀን ውሃ ውስጥ ይውልና ሲመሽ ለግጦሽ ወደ ዳር ይወጣል። ነጥባችሁን ጽፋችሁ ሳምንት ቀጥሉ።

«ጉማሬ መሆን ይቻላል?»

ባሕር ዳር ላይ ሁለተኛው ጥያቄ ይህ ነው። በኤስአርዲ 5.1 ዝርዝር ውስጥ ጉማሬ የለም። እኛ የዝሆንን ቁጥር ወስደን እንሠራለን፦ ሲአር 4፣ 76 ነጥብ። አንድ ነገር ብቻ ቀይረናል። ጉማሬ እንደ አዞ አይዋኝም፣ ከውሃው ሥር ያለውን መሬት እየረገጠ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ጥልቅ ውሃ ላይ ያለ ታንኳ ላይ ከሥር መድረስ አይችልም፣ ዳር ዳሩን ግን ማንም አያልፈውም። «ለመተንፈስ በየአምስት ደቂቃው ገደማ መውጣት የለበትም ወይ?» ብሎ የተከራከረኝ አለ። ልክ ነው፣ መውጣት አለበት። በጨዋታው ግን አንድ ዙር 6 ሰከንድ ነው፣ አምስት ደቂቃ 50 ዙር ይሆናል። እስካሁን ረጅሙ ፍልሚያችን 9 ዙር ነው የፈጀው።